ለመዋጮ ግብዣ የሚሆን ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድል፦ ከዋዜማው እስከ ማዕዱ

እያንዳንዱ እንግዳ ከቤቱ አንድ ምግብ ይዞ በሚመጣበት ግብዣ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ፖትላክ ብለው በሚጠሩት፣ ምግቡ ከድስት በወጣበትና በተበላበት ሰዓት መካከል ሦስትና አራት ሰዓት ማለፉ የተለመደ ነው። በዚህ መካከል ትኩሱ ይቀዘቅዛል፣ የተጠበሰው ይለሰልሳል፣ ምግባቸውን ማሞቅ የሚፈልጉት ሁሉ በአንዲት ምድጃ ዙሪያ ተራ ይጠብቃሉ። ከመነሻው ቀዝቅዞ እንዲበላ ታስቦ የተሠራ ምግብ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ምግቦች መካከል ለብዙ ሰው ለማቅረብ የሚመች፣ ወጪው መጠነኛ የሆነ፣ ለሚጾምም ለሚፈስክም እኩል የሚቀርብ ሆኖ ያገኘሁት የቻይናውን ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድል ነው።

ይህን ምግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያቀረብኩት ሜሪላንድ ውስጥ በተደረገ አንድ የጎረቤቶች ግብዣ ላይ ነበር። ኑድሉን ጠዋት ቀቅዬ፣ ስጎውን በሙሉ እዚያው ለውሼ፣ በትልቅ ሳህን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ክዳኑ ሲነሳ ኑድሉ ስጎውን ሁሉ መጥጦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ በቢላዋ ካልተቆረጠ የማይነሳ አንድ ጥቅል ሆኖ ተገኘ። በቅመሙ ላይ ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ የነበረው በሰዓቱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ስሠራው የያዝኩት አካሄድ እያንዳንዱን ሥራ ምግቡ ከሚበላበት ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም የተደራጀው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ምግቡ ከየት መጣ

በቻይንኛ ሊያንግ ሚየን ይባላል፤ ቀዝቃዛ ኑድል ማለት ነው። በተለይ የሚታወቀው በደቡብ ምዕራብ ቻይና በሚገኘው በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ እዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ወበቅ ሰዎች ትኩስ ምግብ ሲሰለቹ የሚመርጡት ነው። የሲቹዋን ባለሙያዎች የተቀቀለውን ኑድል በውሃ አያጥቡትም፤ በሰፊ ገበታ ላይ ዘርግተው፣ ዘይት እየቀቡና እያገላበጡ፣ በማራገቢያ ያቀዘቅዙታል። ከዚያም ተቆልቶ በላመ ሰሊጥ፣ በሶያ ሶስ፣ በጥቁር አቼቶ፣ በስኳር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬ ዘይትና ምላስን በሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ይለውሱታል። በታይዋን የሚያቃጥለው ነገር ለዘብ፣ ሰሊጡ በርከት ይልና ብዙ ጊዜ ሚሶ ከተባለው የቦካ ሶያ ከሚሠራ ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር ይቀርባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ደግሞ የኒው ዮርክ የሲቹዋን ምግብ ቤቶች ይህንኑ ምግብ ለአሜሪካውያን አስለመዱ፤ የለውዝ ቅቤ የተጨመረበትና ጣፈጥ ያለው ዓይነት በአሜሪካ የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሪያውያን በበረዶ በቀዘቀዘ መረቅ የሚያቀርቡት ናንግሚዮንም ሆነ ጃፓኖች በስጎ እያጠቀሱ የሚበሉት ሶባ የተባለው ቀዝቃዛ ኑድል በጣም የምወዳቸው ናቸው፤ ነገር ግን መረቅ ያለው ምግብ በመኪና ተጭኖ ለ15 ሰው መቅረቡ የሚያስከትለውን ችግር ስለማውቅ ለዚህ ዓይነት ግብዣ አልመርጣቸውም።

ለእኛ ይህ ምግብ መስሎ እንደሚታየው ባዕድ አይደለም። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ፍትፍት በጾም ወቅት ቀዝቅዘው የሚበሉ፣ ከቅባት እህል የሚዘጋጁ ምግቦች ናቸው፤ ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድልም በአስተሳሰቡ የእነሱ ዘመድ ነው። ሰሊጡም ቢሆን ከአገራችን የራቀ አይደለም፤ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ለቻይናና ለእስራኤል ከምንሸጣቸው ዋና ዋና የግብርና ምርቶች አንዱ በመሆኑ፣ አንድ የቻይና ወጥ ቤት ውስጥ በሚገኝ ጠርሙስ የኢትዮጵያ ሰሊጥ ቢኖር የሚያስደንቅ አይሆንም።

ዕቃውና መጠኑ

ከሌሎች ብዙ ምግቦች ጎን ለሚቀርብ ማዕድ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ደረቅ ኑድል ይበቃል፤ ስለዚህ 900 ግራም ደረቅ ኑድል ከ12 እስከ 15 ሰው ያዳርሳል። ተመራጩ የስፓጌቲ ያህል ወይም ትንሽ የሚቀጥን የስንዴ ኑድል ነው። በእስያ ሱቆች የሚገኘው ቢጫማ ኑድል ቀለሙንና ሲያላምጡት የሚሰማውን ጥንካሬ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከእንቁላል ሳይሆን ዱቄቱ ሲቦካ ከሚጨመርበት ሶዳ መሰል ጨው ነው። አንዳንዱ ግን በእርግጥ እንቁላል ስላለበት፣ ጾመኛ የሚገኝበት ግብዣ ከሆነ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይግዙ። በሦስት ደቂቃ የሚደርሰው ፈጣን ኑድል ቀጭንና ቀድሞ በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ ቶሎ ይላሽቃል፤ የሩዝ ኑድል ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ደርቆ ይሰባበራል። ሁለቱንም ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ።

የእስያ ኑድል በማይገኝበት ቦታ ቀጭን ስፓጌቲ በጥሩ ሁኔታ ይተካዋል። በመቀቀያው ውሃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ስፓጌቲው ቢጫ እየሆነና እየጠነከረ ወደ ቻይናው ኑድል ይቀርባል። ሶዳው የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋው በድንገት ስለሚገነፍል ድስቱን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሶዳውንም በጥቂት በጥቂቱ ይነስንሱት። ሲወጣም በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ የሳሙና ዓይነት ጣዕም ይቀርበታል።

ለስጎው 150 ግራም ያህል የላመ ሰሊጥ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 120 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ 75 ሚሊ ሊትር የሩዝ አቼቶ ወይም የቻይና ጥቁር አቼቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብልና ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። ተራ ነጭ አቼቶ ብቻ ካለ መጠኑን ወደ 50 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርገው ቀሪውን በሎሚ ጭማቂ ይሙሉት፤ ነጩ አቼቶ ኃይለኛ ስለሆነ ብቻውን ሲገባ ሌላውን ጣዕም ይጫናል። ኑድሉን ለመቀባት ተጨማሪ 2 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ያስቀምጡ። ለአትክልቱ 2 ትልልቅ ኪያር፣ 3 ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ እስር የሽንኩርት ቅጠል፣ ከተገኘም 200 ግራም የበቀለ ማሾ ይበቃል። ለላዩ ግማሽ ኩባያ የተቆላ ሰሊጥና ጥቂት የድምብላል ቅጠል ያዘጋጁ።

የላመውን ሰሊጥ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የቻይናው ዓይነት በደንብ ተቆልቶ የላመ በመሆኑ ቀለሙ ቡናማ፣ ሽታውም እንደ ቡና ቁሌት ቤቱን የሚሞላ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ሱቆች ታሂኒ፣ በእስራኤል ጥሒና የሚባለው ግን ያልተቆላ ወይም ለስለስ ብሎ የተቆላ ስለሆነ ነጣ ያለና ጣዕሙ ዝግ ያለ ነው። እሱን ለመጠቀም ከተገደዱ የሰሊጥ ዘይቱን በ1 የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በራስ እጅ መሥራት ነው። 200 ግራም ነጭ ሰሊጥ ለቅመው፣ አጥበውና አድርቀው፣ በብረት ምጣድ በዝቅተኛ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቁሉት። መንጣጣት ጀምሮ ቀለሙ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን ከምጣዱ ወዲያው ያውጡት፤ የጋለ ብረት ላይ የተተወ ሰሊጥ እሳቱ ከጠፋ በኋላም መቆላቱን ይቀጥልና ይመራል። ገና ለብ እንዳለ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጣዕም የሌለው ዘይት ጨምረው ብሌንደር ውስጥ እስኪልም ይፍጩት። እናቶቻችን ሰሊጥ ቆልተው በሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ይህን ሥራ የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

በዋዜማው ማታ

ስጎውና የበርበሬ ዘይቱ አድረው ጣዕማቸው የሚሻሻል በመሆኑ በዋዜማው መሠራት አለባቸው። ኑድሉ ግን በፍጹም አይቀቀል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በደቃቁ ፍቀው አቼቶው ውስጥ 10 ደቂቃ ያሳርፏቸው። አቼቶው የጥሬውን ነጭ ሽንኩርት ኃይል ያበርደዋል፤ ይህ ካልተደረገ ስጎው በማግስቱ ከሰሊጥ ይልቅ ነጭ ሽንኩርት ብቻ የሚሸት ይሆናል። ቀጥሎ የላመውን ሰሊጥና የለውዝ ቅቤውን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው ሙቁን ውሃ በ2 በ2 የሾርባ ማንኪያ እየጨመሩ ይምቱት። በመጀመሪያው ውሃ ሰሊጡ እንደመቅጠን ፈንታ ይጠጥርና እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ነገር ግን አልተበላሸም። በላመ ሰሊጥ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የእህል ቅንጣቶች በዘይት ተከበው የሚኖሩ በመሆናቸው፣ ጥቂት ውሃ ሲያገኙ ውሃውን ለመያዝ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ውሃው ሲበዛላቸው ደግሞ ተላቀው ነጣ ያለና ለስላሳ ስጎ ይሆናሉ። ስለዚህ ሳያቆሙ ውሃውን መጨመርና መምታት ብቻ ነው።

ሰሊጡ ከለሰለሰ በኋላ ስኳሩን፣ ሶያ ሶሱን፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለበትን አቼቶ፣ በመጨረሻም የሰሊጥ ዘይቱን ይጨምሩና ያዋሕዱት። ውፍረቱ ለምጣድ እንደደረሰ የእንጀራ ሊጥ ሆኖ ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ የሚወርድ መሆን አለበት። ብቻውን ሲቀመስ ጨውም ኮምጣጣነትም ትንሽ በዝቶ ሊሰማዎት ይገባል፤ ምክንያቱም ቅዝቃዜ የምላስን ስሜት ያዳክማል፣ ኑድሉም የራሱ ጣዕም የሌለው በመሆኑ ስጎውን ያለዝበዋል። ለብ ባለበት ሲቀመስ ልክ የሆነ ስጎ ግብዣው ላይ አልጫ ሆኖ ይገኛል። ያለቀውን በጠርሙስ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ።

የበርበሬ ዘይቱ ለብቻው መሠራቱ ልጆችና የሚያቃጥል የማይወዱ እንግዶች እንዳይቸገሩ ይረዳል። 4 ወይም 5 የደረቀ የበርበሬ ዛላ ፍሬውን አራግፈው፣ ሸካራ አድርገው ይውቀጡና እሳት በሚችል ሳህን ውስጥ ያድርጉት። 120 ሚሊ ሊትር ዘይት እስኪግል አሙቀው፣ ከእሳት አውርደው 2 ደቂቃ ያህል ካሳረፉ በኋላ በበርበሬው ላይ ያፍስሱት። መፍላት የሚያሰማው ድምፅ ይሰማል፣ በርበሬውም ይደምቃል፤ ከጠቆረ ግን ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ ነበርና እንደገና ይሥሩት፤ የተቃጠለ በርበሬ መራራነት በምንም አይሸፈንም። ለወጥ የተዘጋጀውን የላመ በርበሬ እዚህ ላይ አልመክርም፤ በቶሎ ይቃጠላል፣ በውስጡ ያሉት ኮረሪማና ሌሎች ቅመሞችም ምግቡን ወደ ሌላ ምግብ ይወስዱታል። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ካገኙ 1 የሻይ ማንኪያ ቆልተውና ወቅጠው እዚሁ ዘይት ውስጥ ይጨምሩት።

ዶሮ ማቅረብ ከፈለጉ በዝንጅብልና በሽንኩርት ቅጠል ውሃ ውስጥ፣ መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ቀቅለው፣ ሲቀዘቅዝ በእጅ ይዘልዝሉትና ሌላ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት። ከኑድሉ ጋር አይቀላቅሉት፤ ውጭ አገር በሚደረግ የሐበሻ ግብዣ ላይ ረቡዕና ዓርብ ባይሆን እንኳ ከጾም ጋር የሚገናኝ ሰው አይጠፋም፤ ዶሮው አንዴ ከገባ ደግሞ መላው ሳህን ለእሱ የተዘጋ ነው። በቻይና አሠራር የሚገባውን የሩዝ ወይን በዚህ መጠን ውስጥ ያላካተትኩትም አልኮል የማይቀምሱ እንግዶችን አስቤ ነው።

በዕለቱ ጠዋት

ኑድሉ በዕለቱ የሚቀቀልበት ምክንያት ይህ ነው። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ስታርች የተባለው የኑድሉ ዱቄት ዋና ክፍል ውሃ መጥጦ ያብጥና ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ እየተሰበሰበ ይጠጥራል። ይህ የመጠጠር ሂደት ከሁሉም በበለጠ ፈጣን የሚሆነው በፍሪጅ ሙቀት ላይ ነው። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር የሚደርቀውና የሚሰባበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ፍሪጅ ያደረ ኑድል ምንም ያህል ስጎ ቢጨመርበት መልሶ አይለሰልስም። ሁኔታው አስገድዶ በዋዜማው ከቀቀሉት ግን ሊለወስ ሲል የፈላ ውሃ ውስጥ ለ15 ሰከንድ ነክረው እንደገና በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይመለሳል።

ኑድሉን ለሁለት ከፍለው፣ 450 ግራም በአንድ ጊዜ እያደረጉ በሁለት ዙር ይቀቅሉት። ለእያንዳንዱ ዙር ከ4 እስከ 5 ሊትር በኃይል የሚፈላ ውሃ ያስፈልጋል፤ በትንሽ ውሃ የተቀቀለ ኑድል በራሱ ስታርች ይጣበቃል። ብዙዎቹ የእስያ ኑድሎች ሲቦኩ ጨው የገባባቸው ስለሆኑ ውሃው ላይ ጨው አይጨምሩ። ኑድሉ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ሳያቋርጡ ያማስሉት።

የመቀቀያውን ጊዜ በሚመለከት ትኩስ ፓስታን ትንሽ ጥሬነት ሲቀረው ማውጣት የለመደ ሰው እዚህ ላይ ልማዱን መተው አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ የሚገባ ኑድል ወዲያውኑ ይጠነክራል፤ ጥሬነት ሲቀረው የወጣ ኑድል ቀዝቅዞ ሲበላ እንደ ሲባጎ ነው። አንዱን ዘለላ አውጥተው ይቁረጡት፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከሌለ ደርሷል። በፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት ዝቅተኛ ቦታ የተለካ መሆኑንም ያስታውሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ከተጻፈው ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ መጨመሩ ግድ ነው፤ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚሠራው ግን አያስፈልገውም።

የደረሰውን ኑድል በማጥለያ አውጥተው ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ስር፣ ልብስ እንደሚያለቀልቁ በእጅ ቀስ እያደረጉ እያሹ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይጠቡት። በላዩ ላይ የቀረው ስታርች ነው በኋላ ሙጫ የሚሆነው። በመጨረሻም በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ አቆይተው ያውጡት። የሲቹዋኑ የማራገቢያ ዘዴ ስጎው ይበልጥ እንዲይዝ እንደሚያደርግ አልክድም፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ስሠራ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ የተቀቀለ ኑድል በአንድ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ በፍጥነትና በንጽሕና ማራገብ ስለማይቻል በውሃ ማቀዝቀዙ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ከታጠበ በኋላ ማጥለያውን ደጋግመው አራግፈው፣ ኑድሉን በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተው 10 ደቂቃ ያንጠፍጥፉት። ይህች 10 ደቂቃ ተራ ነገር ትመስላለች፤ ሆኖም በኑድሉ መካከል ተደብቆ የሚቀረው ውሃ ግማሽ ኩባያ ሊሞላ ይችላል፣ ያን ያህል ውሃም የማታውን ልፋት ያቀጥነዋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ዙር ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰው፣ እያንዳንዱ ዘለላ እስኪያብለጨልጭ በእጅ ይቅቡት። ግብዣው የልደት ካልሆነ ኑድሉን በመቀስ ሁለት ቦታ ቢቆርጡት ለሚያነሳው ሰው ይቀላል። ለልደት ከሆነ ግን አይቁረጡት፤ በቻይናውያን ዘንድ በልደት ቀን የሚበላ ረጅም ኑድል የረጅም ዕድሜ ምኞት ነውና።

አትክልቱ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ካሮቱንና ጎመኑን በቀጭኑ፣ የኑድሉን መልክ እንዲይዙ አድርገው ይክተፏቸው። ኪያሩ ግን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ መሐሉን ፍሬውን በማንኪያ ጠርገው፣ ከከተፉት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ያቆዩትና ጨምቀው ያንጠፍጥፉት። የበቀለውን ማሾ በጥሬው አይጠቀሙ፤ ጥሬ ብቅል ጀርም ሊያስተላልፍ ስለሚችል የፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ነክረው በበረዶ ውሃ ያቀዝቅዙት።

በጉዞ ላይ

ኑድሉ፣ ስጎው፣ አትክልቱ፣ ዶሮውና የበርበሬ ዘይቱ እያንዳንዳቸው በየዕቃቸው ሆነው ይጓዙ። ኑድሉን ወደ ታች ሳይጫኑ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ላላ አድርገው ያስቀምጡት። በበረዶ ሳጥን ውስጥ ከሥርና ከላይ በረዶ ያድርጉ፤ በረዶው በፕላስቲክ የታሸገ ይሁን፣ ቀልጦ ወደ ምግቡ እንዳይገባ።

ቀዝቃዛ ምግብ ደኅንነቱ የሚጠበቀው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የሚሰጠው መመሪያ በቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ የአካባቢው ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በቨርጂኒያ ሐምሌ ላይ ውጭ በመናፈሻ የሚደረግ ግብዣ ከሁለተኛው ወገን ነው። በተለይ በተቀቀለ ሩዝና ኑድል ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት፣ ምግብ መጣል ለእኛ ምንም ያህል የሚከብድ ነገር ቢሆን፣ ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየውን አሙቆ ለማዳን አይሞክሩ። ይልቁንም ከኑድሉ ግማሹን ብቻ አቅርበው ሌላውን በረዶ ሳጥን ውስጥ ያቆዩት፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ አዲሱን ለውሰው ያውጡ።

ማዕዱ ላይ

ስጎው ፍሪጅ ሲያድር ስለሚወፍር፣ ከመለወሱ 30 ደቂቃ በፊት ከበረዶው አውጥተው 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ጠርሙሱን በኃይል ይነቅንቁት። ወደ ማዕድ ሊቀርብ 10 ደቂቃ ሲቀረው ኑድሉን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው፣ የተጣበቀ ካለ በጣት አላቀው፣ ከስጎው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያፍስሱበትና ከታች ወደ ላይ እያነሱ ይለውሱት። 5 ደቂቃ ያቆዩት፤ በዚህ ጊዜ ኑድሉ የድርሻውን ይመጥጣል። ከዚያ አትክልቱን ከግማሽ በላይ ጨምረው የቀረውን ስጎ ያፍስሱበት። ይህች ሁለተኛ ዙር ናት ለአንድ ሰዓት ያህል ኑድሉ እንዳይደርቅ የምታደርገው፤ በአንድ ጊዜ የገባ ስጎ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባና ላዩን ደረቅ ያደርገዋል። ቀምሰው አልጫ ከመሰለዎት ሶያ ሶስ ከመጨመርዎ በፊት ጥቂት አቼቶ ወይም ሎሚ ይሞክሩ፤ ከተሞክሮዬ አሥር ጊዜ ቢጎድል ዘጠኙ ኮምጣጣነት ነው።

የቀረውን አትክልት፣ የሽንኩርት ቅጠሉን፣ የድምብላል ቅጠሉንና የተቆላውን ሰሊጥ ከላይ ይነስንሱ። የበርበሬ ዘይቱንና ዶሮውን በየሳህናቸው ከጎኑ ያስቀምጡ። ለማንሻ ማንኪያ ሳይሆን መቆንጠጫ ያቅርቡ፤ በማንኪያ የሚነሳ ኑድል ወለል ላይ ይቀራል።

ከሳህኑ ፊት በጉልህ የተጻፈ ወረቀት መኖር አለበት፤ ይህን እንደ ጨዋነት ሳይሆን እንደ ግዴታ እንዲያዩት እለምናለሁ። ሰሊጥ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ የሚያስነሳ በመሆኑ፣ በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በወጣው ሕግ ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮም በታሸጉ ምግቦች ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ «ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ስንዴና ሶያ አለበት፤ እንቁላልና የእንስሳት ተዋጽኦ የለበትም» ብለው፣ ሰዎቹ በሚያነቡት ቋንቋ ሁሉ ይጻፉ። ከሚጋበዙት መካከል የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው እንዳለ ካወቁ የለውዝ ቅቤውን አውጥተው በምትኩ 2 የሾርባ ማንኪያ የላመ ሰሊጥ ይጨምሩ፤ ጣዕሙ ወደ ሲቹዋኑ ይበልጥ ይጠጋል እንጂ አይጎዳም።

የተለወሰው ኑድል ተርፎ ከሁለት ሰዓት በታች የቆየ ከሆነ ፍሪጅ ገብቶ በማግስቱ ሊበላ ይችላል፤ ልስላሴው ግን ቀንሶ ይገኛል። ያልተነካ ስጎ ከተረፈ በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ያህል ይቆያል፤ በተቀቀለ ጥቅል ጎመንና ካሮት ላይ ወይም በተቀቀለ ድንች ላይ ሲፈስ በጣም የሚስማማ ሲሆን፣ እኔ ቤት ውስጥ ልጆቹ የሚጠብቁት ከኑድሉ ይልቅ ይህንኑ ነው።